አፍ የሌለው ወንዝ

ሱቃችን ሊፈርስ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣
የጋሽ ዋቅቶላ መሳቢያ እንቢ አለ፤ ዝገት ነው ይዞት የኖረው።
በጉልበቴ ሳብኩት፤ ተገነጠለ፤
ያቀፈው ሁሉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፦
የቆሙ ሰዓቶች፣ ብሎኖች እንደ ጤፍ፣
ባለቤት የረሳው ማሰሪያ፣ የሰዓት ቆጣሪ ጫፍ፣
ከሁሉም በታች አንድ የብስኩት ቆርቆሮ፣
ክዳኑ በፕላስተር ዙሪያውን ታስሮ።
«ቀስ በል!» አለኝ።
እሱ ሰዓት ሲፈታ፣ እኔ መነጽር ስገጥም፣
ሃያ ስድስት ዓመት ግድግዳ ስንጋራ ጮኾብኝ አያውቅም።

ከፈተው።
የጎማ ዓሣዎች። አሥራ አንድ። የጣት ርዝመት፣
እንደ ጆሮ ጫፍ የለሰለሱ፣ ጅራታቸው የሚርገበገብ በትንፋሽ ምት፤
አንዱ እርጎ፣ አንዱ የጎመን ውኃ፣ አንዱ ጉበት መሳይ፣
ዓይናቸው በቀለም ነጥብ የተሠራ፣ የማያይ።
«የምጽዋ ናቸው» አለ፤ «የባሕር ኃይል ሳለሁ፣ የሞተር ጠጋኝ፣
አንድ ግሪክ መርከበኛ ሰዓቱን ባስነሣለት ነው የሰጠኝ።
ተረኛ ባልሆንኩ ሌሊት፣ በጨረቃ፣ ዓለቱ ላይ ወጥቼ፣
ስንት ጫማ አስበላሁት! ስንቴ ነጋብኝ እዚያው ተጎልቼ!»

ከዚያ የሆነው እብደት ነው፤ ልደብቀው አልፈልግም።
እሱ ከጣሪያው አንቴና ነቀለ፤ እኔም ወደ ኋላ አላልኩም፤
የግማሽ ፍሬም መነጽር የማስርበትን ናይለን
ከነጥቅሉ ኪሴ ከትቼ፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወረድን።

ነሐሴ ነው። ውኃው ፌስታል ተከናንቦ፣ ጭቃ አዝሎ ያጓራል፤
ሽታው የድልድዩን ብረት ዘሎ ከሰው ጋር ይሻገራል።
መንጠቆውን አወለቀው። «ያለ እሱ?» ስለው፣ «ለማየት ነው» አለኝ።
ወረወረው፤ ናይለኑን በሁለት ጣቴ መሀል አስያዘኝ።
«ጎርፍ ከተራራ ወርዶ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ፣
ትልቁ ዓሣ ዓለት ተጠግቶ ይቆማል፣ ትንሹ ሲንገዳገድ እስኪያይ።
አትጎትት። ጣለው፤ ይስመጥ፤ ነካ አድርገህ ተወው።
ዓሣ የሚጎርሰው ጎማውን መሰለህ? ማመንታቱን ነው።»

ልጆች ተሰበሰቡ። አንዲት ቆሎ ሻጭ፣ ሳቋን አፍና፣
«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ተጠንቀቁ እናንተ» አለችና
ዘንቢሏን አስቀምጣ ቆመች።

ጠቅ።
«ነካኝ!» አልኩ።
«ድንጋይ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን በፈገግታ ፈካ፤
«ድንጋይ አንዴ ተናግሮ ዝም ነው። ዓሣ ይመለሳል፤ ደግሞ ነካ፣ ደግሞ ነካ።»

«ይኼኛውስ ወንዝ» አልኩት፣ «አፉ ወዴት ነው?»
ቆየ። አንቴናውን ዝቅ አደረገው።
«አፍ የለውም። አቃቂን ይዞ፣ አዋሽን ይዞ፣ አፋር በረሃ
ደርሶ እዚያው ይቀራል፤ ባሕሩ ቅርቡ ሆኖ፣ ሳይገናኝ ውኃ ከውኃ።»

ያን ጊዜ ነው ክሩ የተወጠረው። አልደጋገመም።
ፌስታል ይሁን፣ ብረት ይሁን፣ አላየነውም።
ጉበት መሳዩ ዓሣ፣ ያለ መንጠቆ፣ ያለ ጌታ፣
ናይለኑን በጥሶ ወደ ፍልውኃ ቁልቁል ወረደ ሲምታታ።
ጣቴ ላይ ቀጭን መስመር ቀረ።
ቆሎ ሻጯ አልሳቀችም። ከልጆቹ አንዱ፣ «ይዋኛል?» ብሎ ጠየቀ፤
ማንም አልመለሰለት፤ እሱም ብረቱን ለቀቀ።

ጋሽ ዋቅቶላ የእግረኛው መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ቆጠራቸው፤ አሥር ናቸው።
እንደገና ቆጠረ። ክዳኑን ገጥሞ በዚያው ፕላስተር አሰራቸው።
እጅጌውን ሰበሰበ፤ ሰዓት ሠሪ ሆኖ ሰዓት አላሰረም።
«ግሬደሩ» አለኝ፣ «ነገ በስንት ሰዓት ነው? ነግረውህ አልነበረም?»